31 ስዊች፣ አንድ ስክሪፕት፦ ጥያቄ የሚያበዛ ፕሮግራምን በምን ላናግረው?

ጣና_ዳር • ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። የምጽፈው ከባህር ዳር ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኔትወርክ እሠራለሁ። 31 ስዊች አለን፤ ኮምፒውተሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኙት ሳጥኖች። ገሚሱ እዚሁ ከተማ ነው፤ የቀረው በጣና ዙሪያ ባሉት ቅርንጫፎች ተበትኗል።

የስዊቾቹን ኮንፊግ፣ ማለትም ቅንብራቸውን፣ በየሳምንቱ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) እወስዳለሁ። በእጄ። ቴልኔት (ከርቀት መግቢያውን) ክፈት፣ ስም ጻፍ፣ ፓስወርድ፣ ኢኔብል (ሙሉ ፈቃድ መጠየቂያው)፣ እንደገና ፓስወርድ፣ ሾው ራን (ኮንፊጉን አሳይ)፣ ኮፒ፣ ፔስት፣ ውጣ። ሠላሳ አንድ ጊዜ። ሃያኛው ላይ ስደርስ የማንን ኮንፊግ የማን ፋይል ላይ እንደለጠፍኩ ይምታታብኛል።

ትናንት መልሶቹን በቅደም ተከተል አንድ ፋይል ላይ ጽፌ በፓይፕ ሰጠሁት፤ ማለትም የፋይሉን ጽሑፍ በቀጥታ ወደ ቴልኔቱ አፈሰስኩት። ቴልኔቱ ብልጭ ብሎ ተዘጋ። ኤስኤስኤች (የተመሰጠረው መግቢያ) ያላቸው ስዊቾች ላይ ደግሞ ፋይሉን ዞር ብሎም አላየው። ፓስወርድ የሚለውን አውጥቶ እኔን ይጠብቃል።

ሌላም ጣጣ አለ። የንብረት ክፍል በየወሩ ሪፖርት የሚያወጣበት ጥቁር ስክሪን ፕሮግራም አለ። ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። የጻፈው ልጅ ከለቀቀ ቆይቷል። ሰባት ጥያቄ ይጠይቃል፣ በአማርኛ። እሱንም ለእኔ ጣሉብኝ።

ሰርቨሩ ኡቡንቱ ነው፣ የኔ ላፕቶፕ ዊንዶውስ፣ የባልደረባዬ ማክ። ሦስቱም ላይ የሚሄድ አንድ ስክሪፕት ይቻላል?

ባጃጅ_404 • ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡14

በእጅህ ሥራ፣ ትርፍ ሰዓት ይታሰብልሃል።

ጣና_ዳር • ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ቢታሰብልኝማ ምን ልሠራ እዚህ መጣሁ።

እህተ_ሊኑክስ • ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡02

ጣና ዳር፣ መልሶችህ ልክ ናቸው። የተሳሳተው ሰዓቱና በሩ ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱ። ፋይል በፓይፕ ስትሰጠው መልሱ ሁሉ በአንዴ ይፈሳል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት እንደሚሉት ነው። ስዊቹ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ አንተ ፓስወርድህን ነግረህ፣ ሾው ራን ብለህ፣ ተሰናብተህ ወጥተሃል። ፋይሉ ሲያልቅ ቴልኔት ሰውየው ሄደ ብሎ ይዘጋል።

በሩ ደግሞ እንዲህ ነው። ኤስኤስኤች ፓስወርድ የሚቀበለው በተለመደው መግቢያ በኩል አይደለም። ተርሚናሉን ራሱን፣ የምትጽፍበትን ጥቁር መስኮት፣ በቀጥታ ይከፍታል፤ ዴቭ ቲቲዋይ የሚባለውን። ስለዚህ በፓይፕ የላክኸው ወረቀት ከበር ውጭ ቀረ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። ብዙ ፕሮግራሞች ከፊታቸው ተርሚናል መኖሩን ያጣራሉ። ካለ ጽሑፋቸውን መስመር በመስመር ያወጣሉ። ፓይፕ ከሆነ ግን ያጠራቅሙታል፤ አብዛኛውን ጊዜ 4096 ወይም 8192 ባይት እስኪሞላ። ጥያቄው ሆዱ ውስጥ እያለ ስክሪፕትህ ውጭ ቆሞ ጥያቄ ይጠብቃል፣ ፕሮግራሙ ደግሞ መልስ ይጠብቃል። እንደተፋጠጡ ያድራሉ።

መፍትሔው የውሸት ተርሚናል ነው፤ ፒቲዋይ ይሉታል። ፕሮግራሙ ከፊቱ ሰው የተቀመጠ ይመስለዋል። ለዚህ የተሠራው መሣሪያ ኤክስፔክት ነው። ማክ ላይ አብሮ ይመጣል፣ ኡቡንቱ ላይ በአፕት ይጫናል። ትእዛዞቹን በአማርኛ አስመስዬ ልጻፍልህ፦

ጀምር፦ ቴልኔት ወደ ስዊቹ
ጠብቅ፦ ስም የሚለውን
ላክ፦ ስምህን፣ ከዚያ ኢንተር
ጠብቅ፦ ፓስወርድ የሚለውን
ላክ፦ ፓስወርድህን፣ ከዚያ ኢንተር
ጠብቅ፦ የስዊቹን ፕሮምፕት (ትእዛዝ ለመቀበል ዝግጁ ነኝ የሚልበትን ምልክት)

ጀምር የሚለው ስፖን ነው፣ ጠብቅ ኤክስፔክት፣ ላክ ሴንድ። ሌላው ጌጥ ነው። ቋንቋው ቲክል ነው፤ ቅንፎቹ መጀመሪያ ያናድዳሉ፣ በሁለተኛው ቀን ትለምዳቸዋለህ። ፓይተን ከመረጥህ ፔክስፔክት አለ፣ ሐሳቡ ያው ነው።

ለዊንዶውሱ ነገ እመለሳለሁ፤ እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ነው።

ጋሽ_ሞደም • ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

እህተ ሊኑክስ ጥሩ አስረድታሻል። ከኤክስፔክት በፊትም ቢሆን ይህ ነገር ነበር። በስልክ መስመር በሞደም በምንገናኝበት ጊዜ ዩዩሲፒ የሚባል ሥርዓት ነበር። እዚያ ውስጥ ቻት ስክሪፕት ይጻፋል፦ ይህን ጠብቅ፣ ያንን ላክ፣ ይህን ጠብቅ፣ ያንን ላክ። ዶን ሊብስ የሚባለው ሰው በአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ኤክስፔክትን ይዞ የወጣው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። የተሠራበትን ቲክልን የፈጠረው በርክሌይ የነበረው ጆን ኦስተርሃውት ነው።

ከዚያ ዘመን የቀረች አንዲት ብልሃት ልስጥህ ልጄ። ሎግን የሚለውን ቃል ስንጠብቅ የመጀመሪያዋን ፊደል እንተዋት ነበር። ኤልን ጥለን ከኦ ጀምረን ነው የምንጽፈው። አንዱ ማሽን በትልቁ ኤል፣ ሌላው በትንሹ ኤል ይጽፋል። መጀመሪያዋን ከጣልካት ለሁለቱም ይሆናል። ፓስወርድንም እንደዚያው።

ጣና_ዳር • ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡40

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኔ ስዊቾች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንዱ በትልቁ አንዱ በትንሹ ነው የሚጠይቁት። የእርስዎ ብልሃት ሁለቱንም አገላገለኝ።

ግን የመጀመሪያውን ባክአፕ ከፍቼ ሳየው ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው። የመሰላል ምልክት። ይህቺ ሃሽ የምንላት። ከላይ እስከ ታች ሃሽ፣ ሃሽ፣ ሃሽ። ኮንፊግ የለም።

የዘጌ_ቡና • ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡52

ከገባህ በኋላ የሚወጣ ባነር አላችሁ አይደል? ያልተፈቀደለት ሰው እንዳይገባ የሚለው፣ ዙሪያው በሃሽ የታጠረ?

ጣና_ዳር • ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡55

አለ። ያጠርኩትም እኔ ነኝ። ቆንጆ እንዲሆን ብዬ።

የዘጌ_ቡና • ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡03

በል እንግዲህ ጨርሰነዋል። ስክሪፕትህን ሃሽ እስኪመጣ ጠብቅ ብለኸዋል፣ ፕሮምፕቱ በሃሽ ስለሚያልቅ። እሱ ደግሞ ከባነሩ አጥር የመጀመሪያዋን ሃሽ ሲያይ ደረስኩ አለ። ሾው ራን ብሎ ላከ፣ ሁለተኛዋን ሃሽ ሲያይ አለቀ አለ።

የስዊቹን ስም ከሃሹ ጋር አያይዘህ ጠብቅ፤ እሱም በመስመሩ መጨረሻ ላይ ሲሆን ብቻ። አጥሩንም ካልጠፋ ምልክት በኮከብ ቀይረው። ባነሩ ኮንፊጉ ውስጥም ስለተጻፈ ሾው ራን ሲወጣ ያው ሃሽ መልሶ ይመጣብሃል።

እህተ_ሊኑክስ • ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15

ይህን ያህል ካልን አንድ ልጨምር። የላክኸው ትእዛዝ ተመልሶ ይታያል፤ ኤኮ ያደርጋል። ሾው ቨርዥን ብለህ ልከህ ቨርዥን የሚለውን ቃል ከጠበቅህ፣ የሚይዘው የራስህን ድምፅ ነው። ገደል ማሚቶ። ሁለት ቀን ሙሉ በዚህ ተታልያለሁ።

የመስመር መጨረሻም እንዲሁ። በፒቲዋይ በኩል የሚመጣው መስመር ሊኑክስ ላይም ቢሆን በካሬጅ ሪተርን እና በላይን ፊድ፣ በሁለት ምልክት ነው የሚያልቀው። አንዱን ብቻ ከጠበቅህ ሌላው ፋይልህ ውስጥ ይቀራል፣ ኋላ ሁለት ባክአፕ ስታነጻጽር ሁሉም መስመር የተለወጠ ይመስልሃል።

ጣና_ዳር • ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡30

እርዱኝ። አንዱ ስዊች ጨርሶ አላስገባም አለኝ። ከላፕቶፑም፣ ከሰርቨሩም፣ ከማኩም። የስዊቹን ስም ስክሪፕቱ ላይ በትንሽ ፊደል ጽፌው ኖሯል፣ በትክክል በትልቅ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ፕሮምፕቱን መጠበቁን ቀጠለ። ታይምአውቱን፣ የመጠበቂያ ጊዜውን፣ ደግሞ ዘላለም ጠብቅ ብዬ ነበር ያስቀመጥኩት። ቆሞ ሲቀርብኝ ሌላ መስኮት ከፍቼ እንደገና አስነሳሁት። እንደገና። እንደገና።

ጋሽ_ሞደም • ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡41

ስንት ጊዜ አስነሳኸው?

ጣና_ዳር • ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡42

አምስት።

ጋሽ_ሞደም • ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡50

ሲስኮ ስዊች ላይ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው የቪቲዋይ መስመር፣ ከርቀት የሚገባበት፣ ከ0 እስከ 4 ነው፤ አምስት ወንበር ማለት ነው። አምስቱንም ይዘህ ስድስተኛ ሆነህ በር ታንኳኳለህ። ዝም ብለህ 10 ደቂቃ ጠብቅ፣ ካልለወጥከው ሥራ ፈት የሆነውን ሰው በዚያ ጊዜ ያስወጣል። አለዚያ የተከፈቱትን መስኮቶች ዝጋቸው። ከገባህ በኋላ ሾው ዩዘርስ ብለህ ማን ማን እንደተቀመጠ እይ።

ታይምአውትን ዘላለም አታድርግ። ከስዊች ጋር ጋብቻ የለም።

ባጃጅ_404 • ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡53

ጋሼ 😂

ጣና_ዳር • ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡05

ተሳካ! ታይምአውቱን ወደ ነበረበት 10 ሰከንድ መለስኩት። ሠላሳ አንዱም ስዊች ገባ፣ ወጣ፣ 31 ፋይል ተቀመጠ። ስድስት ደቂቃ። አለቃዬ ቆሞ ሲያይ ነበር። ባነሩንም በኮከብ አጠርኩት።

የዘጌ_ቡና • ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡20

እንኳን ደስ አለህ። የፋይሎቹን የመጨረሻ መስመር አይተሃል?

ጣና_ዳር • ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡34

ወይኔ። ሁሉም እኩል ትንሽ ናቸው። ሃያ ምናምን መስመር። መጨረሻቸው ላይ በሁለት ሰረዝ መሐል ሞር የሚል ቃል አለ።

የዘጌ_ቡና • ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡10

አውቄዋለሁ። እኔ ያወቅኩት ግን በሰላሙ ቀን አልነበረም። ክረምት ላይ ነው። ከሐይቁ በኩል ደመናው ጠቁሮ መጣ፣ መብረቅ አንድ ስዊች አቃጠለብን። አዲስ አምጥቼ ባክአፑን ልጭን ፋይሉን ከፈትኩ። ሃያ ሦስት መስመርና ሞር። የአንድ ወር ፋይሎች፣ ሁሉም ሃያ ሦስት መስመርና ሞር። ዝናብ እየጣለ፣ ቢሮው በሻማ፣ ቪላኖቹን፣ የኔትወርኩን ክፍፍሎች፣ ከጭንቅላቴ እያወጣሁ መልሼ ጻፍኩ።

የሆነው ይህ ነው። ስዊቹ አንድ ገጽ ሲሞላ ይቆምና ስፔስ እስክትጫን ይጠብቃል። ተርሚናሉ 24 መስመር ነው ብሎ ያስባል። ስክሪፕትህ ፕሮምፕት ይጠብቃል፣ አይመጣም። 10 ሰከንድ ያልፋል። አሁን ልብ በል፦ ኤክስፔክት ታይምአውት ሲደርስ ምን ላድርግ ካላልከው ምንም አይልም። ዝም ብሎ ወደ ቀጣዩ መስመር ይሄዳል። ውጣ ይላል፣ ይወጣል። ስህተት የለም፣ ቀይ ጽሑፍ የለም፣ አለቃህ ያጨበጭባል።

ከገባህ በኋላ መጀመሪያ ተርሚናል ሌንግዝ ዜሮ በለው። ገጽ መቁጠሩን ይተዋል። ከዚያ እያንዳንዱ ጠብቅ ሥር ታይምአውት ከመጣ ጮኸህ ውደቅ የሚል ጨምር። ሦስተኛ፣ ፋይሉ ኤንድ በሚለው ቃል ካላለቀ ባክአፕ ነው አትበለው።

እህተ_ሊኑክስ • ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡30

ፔክስፔክትን የምወድለት በዚህ ነው። ታይምአውቱ ሳትነግረው 30 ሰከንድ ነው፣ ሲያልፍ ደግሞ ኤክሰፕሽን ወርውሮ ስክሪፕቱን ይጥለዋል። ዝም ብሎ አያልፍህም።

የዘጌ_ቡና • ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡44

ለስዊች ከሆነ ሁለቱንም ትቶ ኔትሚኮ የሚባለውን የፓይተን መሣሪያ ይጠቀም እንጂ። ፕሮምፕቱንም ገጹንም ራሱ ያውቅበታል።

እህተ_ሊኑክስ • ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡58

ለስዊቹ እሺ። ያንን የንብረት ክፍል ፕሮግራም ግን ኔትሚኮ አያውቀውም። ደግሞ አንዴ በእጁ ቢቸገር ምን አለበት፣ ኔትሚኮ አንድ ቀን ሲቆምበት ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል።

የዘጌ_ቡና • ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡05

መቸገር ትምህርት ነው የሚሉት የማይቸገሩ ሰዎች ናቸው። ይሁን።

ቀበሌ_14 • ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡00

ለዊንዶውሱ ምን ታለፋላችሁ። ቁልፍ የሚጫን ስክሪፕት ጻፍ፦ መስኮቱን ክፈት፣ ሁለት ሰከንድ ቆይ፣ ጻፍ፣ ኢንተር። እኔ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነበር የምሠራው።

ባጃጅ_404 • ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡02

ነበር?

ቀበሌ_14 • ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡11

እሺ ልናገር። አንድ ቀን ስክሪፕቱ እየሄደ የቴሌግራም መስኮት ፊት ለፊት መጣ። ስክሪፕቱ የት እንደሚጽፍ አያውቅም፣ ፊት ያለው ላይ ይጽፋል። የአድሚን ፓስወርዱ የሠራተኞች ግሩፕ ውስጥ ገባ፤ ኢንተር ጭምር። አንዷ የጽዳት ሠራተኛ ልብ የሚል ምልክት አደረገችበት።

እህተ_ሊኑክስ • ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡25

ቀበሌ 14 ለሁላችንም መለሰልን። ሁለት ሰከንድ ቆይ ማለት መጠበቅ አይደለም፤ ዓይን ጨፍኖ መቁጠር ነው። ማሽኑ የደከመው ቀን ሁለት ሰከንድ አይበቃም።

ዊንዶውስ ላይ ያለው እውነት ይኸውና። ለረጅም ጊዜ ፒቲዋይ የሚባል ነገር አልነበረውም። ኮንሶሉ የሚሠራበት መንገድ ከዩኒክስ ቤተሰብ የተለየ ነው። ለዚህ ነው ፔክስፔክትን ዊንዶውስ ላይ ስትጭነው ስፖን የሚለው የማይገኘው። ፖፕን ስፖን የሚባል ምትክ አለው፤ ግን በፓይፕ ነው የሚያናግረው፣ መጀመሪያ ወዳወራነው ችግር ይመልስሃል። ፕሮግራሙ ለፓይፕ ግድ ከሌለው ይሠራል። መጀመሪያ እሱን ሞክር፣ ዕድል ካለህ።

ካልሆነ ከዊንዶውስ 10 ቨርዥን 1809 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ፣ ኮንፒቲዋይ የሚባል የውሸት ኮንሶል ገብቷል። ከፓይተን በፓይዊንፒቲዋይ ትደርስበታለህ። የሚመጣልህ ጽሑፍ ውስጥ የቀለምና የጠቋሚ ምልክቶች ተሰግስገው ታገኛለህ፤ አጥርተህ ነው የምታነበው።

ለስዊቾቹ ግን ለምን ከሦስት ማሽን? ኡቡንቱው ላይ ብቻ ይኑር። ማክ ላይ ኤክስፔክት አለ፣ ቴልኔት ግን ከሃይ ሲየራ፣ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወጥቷል። ዊንዶውስ ላይም ቴልኔት አለ፣ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ፓይተንም ቴልኔትሊብ የሚባለውን የቴልኔት ክፍሉን ከቨርዥን 3.13 ላይ አንስቶታል። ሁሉም ሰው ቴልኔትን እየሸኘው ነው፣ አንተ ብቻ ቡና እያፈላህለት ነው።

ጣና_ዳር • ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡40

ኤስኤስኤች የማይቀበሉ ስምንት አሮጌዎች አሉብኝ እኮ።

ጋሽ_ሞደም • ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡05

የሲስተም ፋይሉን ስም እይ። ውስጡ ኬ9 የሚል ከሌለ ምስጠራ የለውም፣ ኤስኤስኤች አይከፍትም። ያላቸውን ዛሬውኑ ወደ ኤስኤስኤች አዙር፤ ቴልኔት ፓስወርድህን በግልጽ ነው የሚያሻግረው።

ፓስወርዱንም ስክሪፕቱ ውስጥ አትጻፈው። በትእዛዝ መስመሩ ላይም አትስጠው፤ ፒኤስ ብሎ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ያየ ሁሉ ያነበዋል። ለብቻው ፋይል ላይ አድርግና ካንተ ሌላ ሰው እንዳያነበው ፈቃዱን 600 አድርገው። ፔክስፔክት ከተጠቀምክ ሎግፋይል ሪድ የሚለውን ምረጥ፣ ሎግፋይል ብቻ የሚለው የምትልከውንም ስለሚመዘግብ ፓስወርድህን በሎግ ውስጥ ታገኘዋለህ።

ጣና_ዳር • ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡20

ስለ ንብረት ክፍሉ ፕሮግራም። ፖፕን ስፖን አልሆነም፣ ጥያቄውን ሆዱ ውስጥ ያዘው። ኮንፒቲዋይ ሆነ። ስድስቱን ጥያቄ መለሰ። ሰባተኛው ላይ ቆመ። የበጀት ዓመት የሚለው ላይ። ስክሪኑ ላይ በዓይኔ አየዋለሁ፣ ስክሪፕቱ አላየሁም ይላል። ኢንኮዲንጉን፣ ፊደሉ በኮምፒውተር የሚመዘገብበትን መንገድ፣ ዩቲኤፍ-8 ብዬዋለሁ፣ ሌሎቹ ስድስቱም አማርኛ ናቸው፣ ሠርተዋል።

የዘጌ_ቡና • ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡33

የትኛው አ?

ጣና_ዳር • ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡35

ማለት?

የዘጌ_ቡና • ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡38

አንተ በዓይኑ ዓ ነው የጻፍከው። ልጁ ፕሮግራሙ ላይ በየትኛው ነው የጻፈው? ለጆሮ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተር ሁለት ፊደል ነው።

ጣና_ዳር • ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡52

በአልፋው አ። "አመት"። ሁለት ሰዓት ሙሉ ኢንኮዲንግ ሳገላብጥ ነበር። አሁን ሁለቱንም ፊደል በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ አስገብቼ ከሁለቱ አንዱን ጠብቅ አልኩት፣ አለፈ።

ጋሽ_ሞደም • ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡30

ሀ፣ ሐ፣ ኀንም እዚያው ጨምር። ሰንና ሠን፣ ጸንና ፀንም። የኤሏ ነገር ናት፣ በእኛ ፊደል።

ጣና_ዳር • ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡00

የመጨረሻ ሪፖርት። ማታ በክሮን፣ ሥራን በሰዓቱ በሚያስነሳው፣ አስነሳሁት። ሌሊት 8 ሰዓት እንዲሄድ ብዬ 2 አልኩት። ፋይሎቹ የተጻፉት ግን ለሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። ሰርቨሩ ለካ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ነው፣ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ። የእኛን ሰዓት ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁን ወደ ዩቲሲ ስቀይር ራሴ ዞረ። አሁን ተስተካክሏል።

30 ፋይል፣ ሁሉም በኤንድ ያልቃሉ። አንዱ ሐይቁ ማዶ ያለው ጮኾ ወደቀ፣ እንደነገራችሁኝ። አይመልስም። ሰኞ በጀልባ እሄድለታለሁ።

የዘጌ_ቡና • ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡12

የኮንሶል ኬብሉንና የዩኤስቢ መቀየሪያውን ዛሬ ቦርሳህ ውስጥ ክተት። እኔ አንዴ ማዶ ደርሼ ነው ረስቼው መምጣቴን ያወቅኩት፤ ጀልባው ተመልሶ የሚመጣው ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነበር።